ደሴ ለመመርመር አፍሬያለሁ፤ ኮምቦልቻ ልውረድ?

የሆጤ ልጅ | ኅዳር 3፣ ማታ 4፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ስሜን ስለማታውቁ ነው የደፈርኩት።

ዕድሜዬ 29 ነው። ፒያሳ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እጮኛ አለችኝ። ሽማግሌ ሄዷል፣ ቀን ተቆርጧል፣ ሰርጉ ለጥር ነው። ከዚያ በፊት ግን ለስድስት ወር ያህል ተጣልተን ነበር። በዚያ መሀል ከሌላ ሴት ጋር ጀምሬ ነበር፤ ብዙም አልቆየንም። ሰኔ ላይ ሽንቴን ያቃጥለኝ ጀመር። ለጓደኛዬ ስነግረው "የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ይሆናል" ብሎ ሳቀብኝ። ከፋርማሲ ኪኒን ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ሲተወኝ የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ነሐሴ ላይ ከእጮኛዬ ጋር ታረቅን። አዎ፣ ከታረቅን በኋላ አብረን ሆነናል።

አሁን አልፎ አልፎ ጠዋት ስነሳ ፈሳሽ አያለሁ። ትንሽ ናት፣ አንድ ጠብታ። ግን አለች።

ችግሬ ምን መሰላችሁ። ለሰፈሬ በሚቀርበው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው የእጮኛዬ የአክስት ልጅ ናት። ሌላኛው ጋ ደግሞ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ አብሮኝ የተማረ ነው። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ አራዳ ላይ ብታስነጥስ ሮቢት ላይ "ይማርህ" ይሉሃል። ቤተክርስቲያን ለጋብቻ የምርመራ ወረቀት አምጡ ብላናለች። እሱን ስንመረመር ሁሉም አብሮ ይታያል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። እውነት ነው? ወይስ ኮምቦልቻ ወርጄ ማንም በማያውቀኝ ቦታ ልመርመር?

በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ቀን ጥበቃው "ማንን ፈልገህ ነው?" ቢለኝ "ሰው ተኝቶብኝ" አልኩት። ጤና ጣቢያ ውስጥ ማን ይተኛል!


ቦርከና ዳር | ኅዳር 3፣ ማታ 4፡52

ወንድሜ ሳቄ መጣ፣ ይቅር በለኝ። አንተ ኮምቦልቻ ልትወርድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ ደሴ ነበር የወጣሁት። መሀል ያለው ሐረጎ አቀበት ላይ ሳንተላለፍ አልቀረንም።

የኔን ልንገርህ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ከገቡት ነኝ፤ ስፌት ላይ። ያኔ ባለትዳር ነበርኩ። ታችኛው ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ ሽታ ያለው ፈሳሽም ነበር። ጓደኞቼ "የማህፀን ብርድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ እየተቀመጥሽ" አሉኝ። ወር ቆየሁ። በኋላ ሲብስብኝ ፈቃድ ጠየቅኩ። ለአለቃዬ ምን ልበላት? "አክስቴ ሞታለች" አልኩ። አክስቴ ወረኢሉ ውስጥ በሬ የሚያህል ጤና አላት፤ ዛሬም አለች።

ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ከጎኔ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? አከራዬ! "ወዴት ነው በጠዋቱ?" አለችኝ። ውሸቱ አፌ ላይ ስለነበር "ለቅሶ" አልኳት። "ውይ እሜትዬ! ማን? እንዴት ሳትነግሪን! እኔም አብሬሽ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ብቻሽንማ አትሄጂም።" ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። እሷ እንባዋን እየጠረገች የኔን አክስት ታወድሳለች። እኔ የምሠራውን አጣሁ። ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ "ቀብሩ ነገ ነው፣ ዛሬ ለገበያ ነው የመጣሁት" ብዬ አመለጥኩ። ማታ የሰፈሩ እድርተኛ ሁሉ ቤቴ መጣ። ዳቦ ይዘው።

ለምርመራው ግን ቃል በቃል የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ሽንት የተቀበልኩበትን ብልቃጥ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ልክ እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ላብራቶሪው መስኮት ስሄድ አገር ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። መስኮቱ ላይ ስደርስ ከፊቴ ስድስት ሰው ቆሟል። ሁሉም ብልቃጥ ይዟል። አንዱ ሽማግሌ የራሳቸውን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ "ይሄ ቀለም ደህና ነው ትያለሽ ልጄ?" አሉኝ።


እውነት ይነገር | ኅዳር 4፣ ጠዋት 1፡30

ሁላችሁም እያጽናናችሁት ነው፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ሀፍረት እኮ ጥሩ ነገር ነው። ሰው ከትዳሩ በፊት ተሰብስቦ ቢቀመጥ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። ድሮ እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም። አሁን ሁሉ ነገር "አብሽር አብሽር" ሆነ።


ቦርከና ዳር | ኅዳር 4፣ ቀን 7፡15

እውነት ይነገር፣ የምሳ ሰዓቴን ላንተ ሰዋሁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከባሌ ሌላ ወንድ አላውቅም ነበር። በቃል ኪዳን፣ በወግ በማዕረግ ነው የተዳርኩት። ተሰብስቤ ነው የተቀመጥኩት። በሽታው ቤቴ ድረስ መጣልኝ። ታዲያ እኔ በምን ልፈር?


ባለ ነጭ ጋዎን | ኅዳር 4፣ ቀን 9፡00

ፋርማሲ ነው የምሠራው። ስለዚህ የሆጤ ልጅ፣ መሳቢያ ውስጥ የወረወርከውን ኪኒን ሳላየው አውቀዋለሁ።

ከባንኮኒው ማዶ የምሰማው ንግግር ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ፓራሲታሞል ይጠይቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለጓደኛዬ ነው…" ይላሉ። የዚህ ከተማ ጓደኛ ሁሉ ሽንቱን ያቃጥለዋል። አንዱ "ለጓደኛዬ ነው" ብሎኝ "ጓደኛህን መቼ ጀመረው?" ብለው "ትናንት ማታ ጀመረኝ" አለኝ።

አብዛኛው "ሦስት ፍሬ ሲፕሮ ስጠኝ" ነው የሚለው። አንድ ሰው ድሮ ነግሮታል። ችግሩ ጨብጥ ሲፕሮን ከለመደው ቆየ። ዛሬ ለጨብጥ ዋናው መድኃኒት መርፌ ነው፤ ከኪኒን ጋር አብሮ ይሰጣል። ሦስት ፍሬ ስትውጥ ማቃጠሉ ይቀንስና ተወኝ ትላለህ፤ በሽታው ግን ድምፁን ነው የቀነሰው እንጂ አልሄደም። አንዳንዴ እምቢ ስላቸው ይናደዱብኛል፤ መንገድ ተሻግረው ሌላ ጋ ይገዛሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም ባለሙያዎች ያለ ማዘዣ እየሸጥን ነው እዚህ ያደረስነው።

ለኤች አይ ቪ ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ድድን በመጥረግ ራስን በራስ መመርመሪያም አለ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ታደርገዋለህ። ውጤቱ "አለ" ካለህ ግን ጤና ተቋም ሄደህ መረጋገጥ አለበት። የአንተ ጉዳይ ደግሞ ፈሳሽ ነው፤ እሱን ድድ አይነግርህም።


ሲስተር ከጢጣ | ኅዳር 4፣ ማታ 2፡20

ወንድሜ፣ 11 ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ቀጥ አድርጌ ልንገርህ።

የጋብቻው ወረቀት የኤች አይ ቪ ነው። ከጣትህ ጫፍ ጠብታ ደም ይወስዳሉ፣ ትንሽ ትጠብቃለህ፣ አለቀ። ጨብጥን አያይም። ክላሚዲያ የሚባለውን ሌላ የአባላዘር በሽታ አያይም። ቂጥኝንም አያይም፤ ለቂጥኝ ለብቻው ደም ይታያል። በሠርጉ ቀን ያንን ወረቀት ኪስህ ውስጥ ይዘህ ጨብጥም ይዘህ ልትቆም ትችላለህ። በዚህ ወረቀት የተዘናጉ ሙሽሮች ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ስለ አካሄዱ። ካርድ ክፍል ላይ "ምንህን ነው?" ቢሉህ "ሐኪም ለማየት" በቂ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ላለው ሐኪም ብቻ ነው፤ በሩ ተዘግቶ። ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ "ለብቻችን ብንሆን" በል፤ መብትህ ነው። የሚጠይቁህ መቼ እንደጀመረህ፣ ፈሳሽ ነው ቁስል፣ በቅርብ ወራት ከማን ጋር እንደነበርክ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰድክ ነው። የኪኒኑን ማሸጊያ ከመሳቢያው አውጥተህ ያዘው። ብዙ ሰው አልጋውን ይናገራል፤ የሚደብቀው ኪኒኑን ነው። እኛን ደግሞ የሚያሳስተን እሱ ነው።

ይህን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ጨብጥንና ክላሚዲያን ለይቶ የሚነግር ምርመራ የለውም። በምልክት ነው የምናክመው። ፈሳሽ ካየን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መድኃኒት እንሰጣለን። ስለዚህ አንተ ያልተናገርከውን ላብራቶሪው አይናገርልህም። "ዝም ብዬ ልመርመር፣ ካለ ይታያል" ብሎ አፉን ዘግቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እንዳመጣጡ ይመለሳል።

ወደ እጮኛህ ልምጣ። ምንም ላይሰማት ይችላል። ጨብጥም ክላሚዲያም ሴት ላይ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰሙም። ቆይተው ወደ ማህፀን ቱቦ ይወጣሉ። ልጅ አልመጣ ሲል ወይም እርግዝናው ከማህፀን ውጪ ሲሆን ነው የሚታወቀው። አንተ ብቻ ታክመህ እሷ ካልታከመች መልሳ ትሰጥሃለች፤ ያንተውን። ሁለታችሁም ታክማችሁ ሰባት ቀን አልጋ ትለያላችሁ።

ኤች አይ ቪን በተመለከተ፣ ከዚያችኛዋ ጋር ከተለያያችሁ ሦስት ወር አልፏል። ስለዚህ ከዚያ በኩል ያለው ውጤት አስተማማኝ ነው። ሄፓታይተስ ቢን አብረህ አስመርምር፤ ከሌለብህ ክትባት አለው።

የላብራቶሪዋን ልጅ ፈርተሃል። ምስጢር ማውጣት ሥራ የሚያሳጣ ጥፋት ነው፤ አብዛኞቻችን ቤት ስንገባ የራሳችንን እራት እንጂ ያንተን ውጤት አናስብም። ግን አልዋሽህም። ከዓመታት በፊት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ኮሪደሩ መሀል ቆማ "ያ የ14 ቁጥሩ ልጅ የታለ?" ብላ ጮኸች። 14 ቁጥር ምን ክፍል እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ልጁ ተነስቶ ወጣ። አልተመለሰም። ፊቱን ዛሬም አልረሳሁትም። ስለዚህ ደሴ ከከበደህ ኮምቦልቻ ውረድ። ሰው መነጽር ለማሠራት አዲስ አበባ ይሄድ የለ? ብቻ ሐረጎን ሰበብ አታድርገው።


ጋሽ ሸዋ በር | ኅዳር 5፣ ጠዋት 12፡40

ድሮ አልነበረም ላልከው ልጅ። ድሮ እኔ ነኝ።

ከ1970 ጀምሮ ባለተሳቢ ነድቻለሁ። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። በ1990 በጦርነቱ መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ። እኛ ሹፌሮች በጨብጥ አናፍርም ነበር። እንዲያውም "ጨብጥ ያልያዘው መሪ አልጨበጠም" እየተባባልን እንስቅ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ በአደባባይ። የምናፍረው ለሚስት መንገር ነበር። እዚያ ላይ ሁላችንም አፋችን ይታሰር ነበር።

አንድ ጊዜ ቁስል ወጣብኝ። አላመመኝም። ትንሽ ሳምንታት ቆይቶ በራሱ ጠፋ። ዳንኩ ብዬ ረሳሁት። ባለቤቴ አረገዘች። በሰባተኛ ወሯ ሞቶ ተወለደ። ዓመት ቆይታ ሁለተኛ አረገዘች፤ እሱም እንደዚያው። ጎረቤት ሾተላይ ነው አለ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ጠበል ሄደች፣ ዱዓ ተደረገላት፤ ወሎ ነው መቼም፣ የማይሞከር የለም። እኔ ቁስሉን አላስታወስኩትም። እግዜር ያውቃል፣ አልደበቅኩም፤ ረስቼው ነው።

በሦስተኛው እርግዝናዋ አንዲት ነርስ ደሟን አስመርምራ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" አለቻት። ቂጥኝ ነው ተባለ። ፔኒሲሊን በየሳምንቱ አንድ አንድ መርፌ፣ ሦስት ሳምንት፣ ለሁለታችንም። ያ መርፌ መቀመጫህን ድንጋይ ነው የሚያደርገው። እሱን ተወግቼ አሰብ ድረስ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ ነዳሁ። ልጅቷ በ1979 በሰላም ተወለደች። ዛሬ መምህርት ናት።

ባለቤቴ ነገሩን ያነሳችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናውን አውርዳ ማቶቱ ላይ እያስቀመጠች "የሁለቱን ልጆች ነገር ታውቅ ነበር?" አለችኝ። "አላውቅም ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ያኔ አንድ ሐኪም ጠይቄ ቢሆን አውቅ ነበር። ከዚያ ቡናውን ቀዳችልኝ።

ፊደሉ ቢሳሳት ይቅርታ፤ ይህን ለማንም ማስጻፍ ስለማልችል ራሴ ነኝ የጻፍኩት።


ሲስተር ከጢጣ | ኅዳር 5፣ ጠዋት 1፡05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ፤ ይህን አንብቤ ነው የወጣሁት።

ለሌሎቹ፦ ጋሼ ያሉት ቁስል ቂጥኝ ሲጀምር የሚመጣው ነው። አያምም፣ በራሱ ይጠፋል። ጠፋ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም፤ ደም ውስጥ ይቀመጣል። አሁን ነፍሰ ጡር ሁሉ ለክትትል ስትመጣ ከኤች አይ ቪ ጋር ቂጥኝም የሚታይላት ለዚህ ነው። እናቶች "ደግሞ ይሄን ለምን?" እያሉ ይቆጡናል።


እውነት ይነገር | ኅዳር 5፣ ቀን 6፡20

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቦርከና ዳር፣ አንቺም። ያልኩትን ግን አልቀየርኩም፤ መጠንቀቅ ይሻላል ነው የምለው።


ጋሽ ሸዋ በር | ኅዳር 5፣ ቀን 6፡31

መጠንቀቅማ ይሻላል ልጄ። ማን አይሻልም አለ።


ስም አልጽፍም | ኅዳር 5፣ ማታ 3፡00

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። አንድ ነገር ልበል። የሆጤ ልጅ፣ ከጠብታዋ በላይ የፈራኸው ሦስቱን ፊደል ይመስለኛል። እኔ የምኖረው ከእሱ ጋር ነው። በጥር 1997 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እናቴ "አሁን ልጄን አልቀብርም" ብላ እልል አለች፤ በአደባባይ አይደለም፣ ጓዳ ገብታ። ያኔ ሀፍረቱ እንዲያ ነበር፤ እልልታም ጓዳ ነበር።

ዛሬ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በመሣሪያ አይታይም። እንዲህ ሲሆን በግንኙነት አይተላለፍም። ባሌ ነጻ ነው። ልጄ ነጻ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ሒሳብ አስቸግራታለች። መድኃኒቴን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እውጣለሁ። አሁን ሰዓቱ ደርሷል፣ ደህና እደሩ።


የሆጤ ልጅ | ኅዳር 9፣ ማታ 3፡45

ሄድኩ።

ኮምቦልቻ ነው የሄድኩት፤ አትፍረዱብኝ። ጠዋት ደሴ በብርድ ጃኬቴን ቆልፌ ወጥቼ እዚያ ስደርስ በላብ ተጠመቅኩ። ሙቀቱ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ። ካርድ አውጥቼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ከፊቴ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው የጫማ ነጋዴ። ደሴ፣ ፒያሳ፣ በየቀኑ ሰላም የምለው ሰውዬ! ተያየን። እኔ "የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ልወስድ" አልኩ። እሱ "እኔም የግፊት ነው" አለ። ከዚያ ሁለታችንም ግድግዳው ላይ ያለውን የጡት ማጥባት ፖስተር ለሃያ ደቂቃ አነበብን። ስሙ ሲጠራ ተነሳ፤ እኔ ወደገባሁበት ክፍል ነው የገባው።

ሐኪሟ ልክ ሲስተር እንዳለችው ነው የጠየቀችኝ። የኪኒኑን ማሸጊያ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና "ስንት ቀን ወሰድከው?" አለች። "ሦስት።" ጻፈችው። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም፤ አፍንጫዋን እንኳን አልነፋችም። ስድብ ተዘጋጅቼ ሄጄ የሚሰድበኝ አጣሁ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ። ኤች አይ ቪ የለም። ቂጥኝ የለም። ሄፓታይተስም የለም፣ ክትባቱን ጀምር ተባልኩ። ለፈሳሹ አንድ መርፌ ወጉኝ፤ ኪኒን ሰጡኝ። ይሄኛውን እጨርሰዋለሁ። ለእጮኛዬ የምሰጣት ትንሽ የመጥሪያ ወረቀትም ያዝኩ።

ቀላሉ ይሄ ነበር።

ለዚያችኛዋ ደወልኩ። ከተለያየን ጊዜው ሄዷል፤ ስልኩን ታነሳለች ብዬም አላሰብኩ። ነገሩን ስነግራት ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ። "አለሁ" አለች። "እኔ ሐምሌ ላይ ታክሜያለሁ። ልነግርህ ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አፍሬ አስቀመጥኩት።" እስከዚህ ሰዓት ሁለታችንም ስልክ ይዘን ተፋፍረን! እሷ ብትደውል እኔ ነሐሴ ላይ…

ለእጮኛዬ ትናንት ነገርኳት። መናፈሻ በኩል ካፌ ውስጥ። የማኪያቶ ስኒዋን አስቀመጠች። ሦስት ነገር ጠየቀችኝ። መቼ ነው? ከታረቅን በፊት ነው በኋላ? ታውቅ ነበር ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ "ጠርጥሬ ነበር" አልኩ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ወረቀቱን ግን ወስዳለች። ስልኳን አታነሳም።


ባለ ነጭ ጋዎን | ኅዳር 9፣ ማታ 4፡00

የጫማ ነጋዴውን ነገር እያነበብኩ ሻይ ትን አለኝ። ኪኒኑን ጨርስ እሺ!


ሲስተር ከጢጣ | ኅዳር 10፣ ቀን 8፡10

ወንድሜ፣ አንድ መልእክት ብቻ ላክላት። ካንተ ጋር መሄድ እንደሌለባት ንገራት፤ ብቻዋን ወይም ከእህቷ ጋር መሄድ ትችላለች። አንተን ይቅር ማለትና መታከም ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ሴቶቻችን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያያይዟቸውና "ከሄድኩማ ይቅር አልኩት ማለት ነው" ብለው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ አትነዝንዛት።


ቦርከና ዳር | ኅዳር 10፣ ማታ 1፡30

እኔ ባሌን አልማርኩትም፤ ከታከምኩ በኋላ ነው የተለያየነው። እሱ እስከ መጨረሻው "አንቺ ነሽ ያመጣሽው" እንዳለ ነው። አንተ ቢያንስ "ጠርጥሬ ነበር" ብለሃል። ይህን ቃል ካንድ ሰው አፍ ለመስማት እኔ ምን ያህል እንደጓጓሁ አታውቅም። እሷ ምን እንደምትወስን ግን የእሷ ነው፤ ዋስ አልሆንህም።


የሆጤ ልጅ | ኅዳር 18፣ ማታ 2፡50

ሲስተር እንዳልሽው አንድ መልእክት ልኬ ዝም አልኩ። ስምንት ቀን። ትናንት ማታ መለሰችልኝ፤ "ነገ ጠዋት 2 ሰዓት መናኸሪያ። ከጎኔ እንዳትቀመጥ።"

እሷ ከሾፌሩ ኋላ፣ እኔ መጨረሻው ወንበር። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ስንወርድ ዞር ብላ "መስኮቱን ዝጋው፣ በረደኝ" አለች። ካፌው ውስጥ ከተለያየን ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ዘጋሁት።

እዚያ ደርሰን ብቻዋን ገባች። ምንም አይነት ምልክት የላትም፤ ግን የኔን ስለነገረቻቸው እሷም መድኃኒቱን ወሰደች። የኤች አይ ቪ ምርመራዋም ነጻ ነው። ስትወጣ ብልቃጡን የት እንደሚጥሉት ጠየቀችኝ። አሳየኋት።

ስለ ሰርጉ አላወራንም። ስትመለስም ከሾፌሩ ኋላ ነው የተቀመጠችው።


ጋሽ ሸዋ በር | ኅዳር 18፣ ማታ 3፡15

ልጄ፣ አብሽር። መስኮቱን ዝጋ ያለች ሴት ገና አልወረደችም።


አዲስ ገቢ 77 | ኅዳር 19፣ ሌሊት 6፡40

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ለጓደኛዬ ነው። ያለ ኮንዶም ሆኖ የፈራ ሰው ወዲያው የሚሰጠው መድኃኒት አለ ይባላል፤ እውነት ነው?


ሲስተር ከጢጣ | ኅዳር 19፣ ሌሊት 6፡48

ተረኛ ነኝ፣ ጥሩ ሰዓት ያዝከኝ። አለ። ለኤች አይ ቪ ነው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሰዓት ካለፈ አይሠራም፤ እስኪነጋ ባይጠብቅ ጥሩ ነው፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ጓደኛህ መቼ ነው የሆነው?


አዲስ ገቢ 77 | ኅዳር 19፣ ሌሊት 6፡51

ትናንት ማታ። ጃኬቴን እየለበስኩ ነው።